«ነጻ»፣ «ዱቤ»ና «አመንጪ»፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ የንድፍ መተግበሪያዎችን ስለ ሰየምንባቸው ቃላት የቀረበ ትችት

የአንድ ስያሜ ስሕተት ጉዳቱ ከመዝገበ ቃላት ገጽ አያልፍም ብለን የምናምን የቃላት ሠራተኞች ጥቂቶች አይደለንም። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከነዚሁ አንዱ ነበርሁ። አሳቤን ያስለወጠኝ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የጥሪ ካርድና የማስታወቂያ ወረቀት እያዘጋጀ የሚተዳደር የእኅቴ ልጅ ነው። ወጣቱ ኮምፒዩተርን በሚገባ ያውቃል፤ እንግሊዝኛው ግን እምብዛም ስለማይሆንለት በሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሚሠሩት የንድፍ መተግበሪያዎች መካከል አንዱን ለመምረጥ ሲነሣ የተመራው በአማርኛ በተዘጋጁ መግለጫዎች ነበር። ከመግለጫዎቹ አንዱ ስለ አንድ መተግበሪያ ሲናገር ለተጠቃሚው በየወሩ «ዱቤ» እንደሚሰጥ ይገልጻል። ሌላው ደግሞ ስለ ሌላ መተግበሪያ «ሙሉ በሙሉ ነጻ» መሆኑን ይመሰክራል። ልጁም ዱቤ የተባለውን ሸሽቶ ነጻ ወደተባለው ሄደ።

«ጋሼ፣ በዶላር ዕዳ ውስጥ እንዳልገባ ፈርቼ ነው» አለኝ በኋላ ስጠይቀው። ነጻ የተባለው መተግበሪያ የሠርግ ጥሪ ካርዱን ሥዕል እንደታዘዘው አዘጋጀለት። ሥራው ተጠናቆ ወደ ማተሚያ ሊላክ ሲል ግን በሥዕሉ ላይ የድርጅቱ ምልክት ከዳር እስከ ዳር ተጋድሞ ተገኘ፤ ምልክቱን ለማስነሣት ክፍያ ተጠየቀ። በዚያ ላይ የሙሽሮቹ ስም ከሩቅ ሲያዩት ፊደል የሚመስል፣ ቀርበው ሲያዩት ግን ከሁለት መቶ ሠላሳ አንዱ ሆሄያት መካከል አንዱንም ያልሆነ የመስመር ክምር ነበር። ካርዱን ያዳነው በአንድ ሌሊት እንደገና በእጁ ሠርቶ ነው። ልጁ የወደቀው በመሣሪያው ድክመት ብቻ አይደለም። መንገዱን ያሳሳቱት ሁለት የአማርኛ ቃላት ናቸው፤ ቃላቱን የመረጥነውም እኛው ተርጓሚዎች ነን።

«ነጻ» ከሚለው እንጀምር። ቃሉ ከግዕዙ «ነጽሐ» ጋር አንድ ወገን ሲሆን «ንጹሕ» የሚለውም ከዚያው ይወጣል። ከእድፍ የጠራ፣ ከዕዳ የተላቀቀ፣ ከክስ የተፈታ፣ ለማንም ያልተገዛ ሁሉ በዚህ ቃል ይጠራል። ዋጋ አለመክፈልን ለማመልከት ሲያስፈልግ አማርኛ «በ»ን ይጨምርበትና «በነጻ» ይላል። ይህች «በ» ትንሽ ብትሆንም ሥራዋ ትልቅ ነው። በነጻ የታከመ ሰው ነጻ ሰው ነው ማለት አይደለም፤ አልከፈለም ማለት ነው። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ መለያ ስለሌለው ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 እ.ኤ.አ. የግኑን ሥራ ካወጀ ወዲህ ተከታዮቹ ቃሉ የነጻ ንግግርን እንጂ የነጻ ቢራን ነጻነት አያመለክትም እያሉ ሲያስረዱ ኖረዋል። ፈረንሳይኛና ስፓኝኛ ለሁለቱ አሳቦች ሁለት ቃል አላቸው። አማርኛም በ«በ» አማካይነት ሁለት አለው ማለት ይቻላል። መግለጫ ጸሐፊዎቻችን ግን «ነጻ መተግበሪያ» እያሉ መለያዋን ጥለዋታል፤ እንግሊዝኛው የሌለውን እኛ እያለን መጣላችን ያስገርማል።

ሆኖም «በነጻ የሚገኝ መተግበሪያ» ብንል እንኳ ነገሩ አይጠራም። የሚቀርቡልን መሣሪያዎች አብዛኞቹ ነጻም በነጻም አይደሉምና። ሚድጆርኒ የተባለው ሥዕል ሠሪ ለጀማሪዎች ሲሰጥ የቆየውን ያለ ክፍያ የመሞከር ዕድል በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. አቁሟል፤ ከዚያ በፊት «ነጻ» ብሎ የመዘገበ ጸሐፊ ሁሉ በአንድ ቀን ሐሰተኛ ሆነ። በ2013 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ሥራውን የጀመረው ካንቫ ያለ ክፍያ የሚሰጠው ብዙ ነው፤ ነገር ግን የአንድን ፎቶግራፍ ጀርባ በራሱ የሚያነሣው መሣሪያ ለከፋዮች የተጠበቀ ነው፤ የዘውድ ምልክት ያለበትን ሥዕል ያለ ክፍያ የወሰደ ሰውም ምልክት የተጋደመበትን ይወስዳል። አዶቢ ፋየርፍላይ የሚባለው ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. ከሙከራ ወጥቶ ለገበያ ሲቀርብ ያለ ክፍያ የሚሠራበትን መጠን በቁጥር ወስኖ ነው።

ለነዚህ ሁሉ የሚስማማ ቃል ገበያችን ውስጥ አለ። ቅቤ ሻጭ ለገዥ በጣቱ እንዲቀምስ ትፈቅድለታለች። ቀማሹ አይከፍልም፤ ይሁንና ቅሉን ይዞ ሊሄድ አይችልም። ይህ «ቅምሻ» ነው። «የቅምሻ አገልግሎት» ብለን ብንጽፍ አንባቢው ወሰን እንዳለው ወዲያው ይገባዋል፤ ምን ያህል መቅመስ እንደሚፈቀድለትም ይጠይቃል። ሕዝቡ «በብላሽ» የሚለውም መልካም ቃል ነው፤ ችግሩ ጆሯችን ውስጥ «ተበላሸ» ከሚለው ጋር አብሮ መጮኹ ነው። አንዳንዱን መተግበሪያ በዚያ ስም መጥራት ባያሳፍርም በመዝገበ ቃላት ፍርድ መስጠት የእኛ ፋንታ አይደለም።

«ነጻ»ን በሙሉ ትርጉሙ ልንሰጠው የምንችለው ለጥቂቶች ነው። ኢንክስኬፕ የተባለው የመስመር ሥዕል መሣሪያ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ክፍያ የሚገኝ፣ አሠራሩ ለሁሉ ክፍት የሆነ፣ ማንም ሊያሻሽለው የሚችል ነው፤ ሥዕልን ከትእዛዝ አውጥቶ ግን አይሰጥም። በነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የተለቀቀው ስቴብል ዲፊዩዥን ደግሞ በገዛ ኮምፒዩተር ላይ ሊሠራ የሚችል በመሆኑ ወደ ነጻነት የቀረበ ነው። ቢሆንም ፈቃዱ መሣሪያው ሊውልባቸው የማይገቡ ተግባራትን ይዘረዝራል። በተጨማሪም ብርቱ የሥዕል ማቀነባበሪያ ያለው ኮምፒዩተር ይሻል፤ የእኅቴ ልጅ እንዲህ ያለውን ኮምፒዩተር ለመግዛት ብዙ ሠርግ መጠበቅ አለበት።

«ዱቤ»ን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው፤ ፍጹም ተገላቢጦሽ ተደርጓል። ዱቤ ዕቃውን ዛሬ ወስዶ ገንዘቡን ነገ መክፈል ነው። በነዚህ መተግበሪያዎች ውስጥ «ክሬዲት» የሚባለው ግን አስቀድሞ የተሰጠ መጠን ሲሆን አንድ ሥዕል በተሠራ ቁጥር ከላዩ ይቀነሳል፤ ሲያልቅ ሥራው ይቆማል እንጂ ዕዳ አይከተልም። ተርጓሚው የባንኩን ትርጉም ከመዝገበ ቃላቱ መጀመሪያ መስመር አንሥቶ አስቀመጠው፤ ልጁም የማይጎዳውን ሸሽቶ ወደሚጎዳው ሮጠ። በእኔ አስተያየት ለወሩ ጠቅላላ መጠን «ኮታ» ይበቃል፤ በየቀበሌው ሱቅ የተሰለፈ ትውልድ ትርጉሙን አይጠይቅም። «ሃያ ኮታ ቀረኝ» ማለት ግን ለአፍ ስለማይመች ለአሐዱው «ነጥብ» የሚለውን ብንይዝ «የወሩ ኮታ ሃያ አምስት ነጥብ» እያልን ያለ ችግር መጻፍ እንችላለን።

ስለ «አስተውሎት» ብዙ ተብሏልና አልደግመውም። ጆን ማካርቲና ባልደረቦቹ በ1955 እ.ኤ.አ. ለዳርትመዝ ጉባኤ ባቀረቡት ጥያቄ ላይ ለሙያው የሰጡት የእንግሊዝኛ ስም ራሱ ከግቡ የሰፋ ነበር። እኛ ደግሞ «አስተዋለ» ከሚለው ግሥ ስናወጣው የበለጠ አሰፋነው። አስተዋይ ማለት ልብ ብሎ የሚያይ ነው፤ በአንድ እጅ ላይ ስድስት ጣት የሚሥል መሣሪያ በዚህ ስም ሲጠራ መስማት ያስፈግጋል። የአገራችን መንግሥታዊ ተቋም በስሙ ውስጥ የባዕዱን ቃል «አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ» ብሎ እንዳለ መያዙ ምናልባት ከዚህ ጥንቃቄ የመነጨ ይሆናል፤ ሆኖም «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» በጋዜጣና በትምህርት ቤት ሥር ስለ ሰደደ ልንቀል መነሣቱ ድካም ብቻ ይሆናል።

ልንቀለው የሚገባን ሌላ ነው፤ ይኸውም «አመንጪ» የሚለው ነው።

ጽሑፍን፣ ድምፅንና ሥዕልን የሚሠሩትን አዳዲስ መሣሪያዎች «አመንጪ ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ብሎ መጥራት እየተለመደ መጥቷል። በመጀመሪያ ስሰማው ደስ ብሎኝ እንደነበር አልክድም። ግሡ ከ«ምንጭ» የተወለደ፣ ትውልዱም ግልጽ የሆነ ነው። «ፈጠረ» ከሚለው እጅግ ይሻላል፤ ያኛው ያለ ቀዳሚ ነገር ማስገኘትን ስለሚያመለክት ለነዚህ መሣሪያዎች አይገባም። መሣሪያው ከቀድሞ ሥዕሎች ተምሮ ነው የሚሠራው። ለምሳሌ ያህል ስቴብል ዲፊዩዥን በመጀመሪያዎቹ ዕትሞቹ የተማረው ላዮን ከሚባለው ክምችት ከተወሰዱ፣ ከመረብ ከተለቀሙ ሥዕሎችና መግለጫዎቻቸው ነው። ስለዚህ ውኃው ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫም ውኃውን ከሌላ ቦታ ተቀብሎ ስለሆነ የሚሠራው ንጽጽሩ ይገጥማል።

ችግሩ ቃሉ ባለቤት ያለው መሆኑ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ደራሲውን፣ ሠዓሊውን፣ ዜማ ደራሲውንና ሌላውን ባለሙያ ሁሉ በአንድነት የሚጠራው «የሥራ አመንጪ» በሚል ስያሜ ነው። የሥራ አመንጪ በአዋጁ መሠረት ሥራውን ከአእምሮው ያፈለቀ ሰው ነው። ሰው ነው፤ መሣሪያ አይደለም። መብቱም፣ ገንዘቡም፣ ስሙ እንዲጠራ የመጠየቅ ሥልጣኑም ከዚህ ስያሜ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እንግዲህ የሕጉ አማርኛ «አመንጪ» ሲል የመብት ባለቤትን ማለቱ ከሆነ፣ የመግለጫዎቻችን አማርኛ «አመንጪ» ሲል ደግሞ መሣሪያውን ማለቱ ከሆነ፣ አንድ የውል ጽሑፍ «የሥዕሉ አመንጪ» ብሎ ቢጽፍ ማንን ማለቱ ይሆናል? ልጁን ነው? ድርጅቱን ነው? መሣሪያውን ነው? እንግሊዝኛው ለሁለቱ አሳቦች ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ቃላት ስላሉት ይህ ጥያቄ አይነሣበትም። ጥያቄውን የፈጠርነው በትርጉም ነው።

ጥያቄው የሐሳብ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የቅጅ መብት ቢሮ በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. «ዛሪያ ኦፍ ዘ ዶውን» በተባለ የሥዕል መጽሐፍ ላይ በሰጠው ውሳኔ ጽሑፉና የገጾቹ አደራደር የጸሐፊዋ መሆኑን ተቀብሎ በሚድጆርኒ የተሠሩትን ነጠላ ሥዕሎች ግን ከጥበቃው አውጥቷል። በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዋሽንግተን የተሰየመ የይግባኝ ፍርድ ቤት አንድ መሣሪያ ብቻውን የሠራው ሥዕል የሰው ደራሲ ስለሌለው ሊመዘገብ እንደማይችል ወስኗል። እነዚህ የአሜሪካ ውሳኔዎች ናቸው፤ አዲስ አበባ ላይ አይገዙም። የእኛ አዋጅ ሲወጣ እንዲህ ያለ መሣሪያ አልነበረም፤ ፍርድ ቤቶቻችን ጉዳዩን በሚመረምሩበት ቀን በእጃቸው የሚይዙት ጽሑፍ በአማርኛ የተጻፈ ነው። በዚያን ቀን «አመንጪ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት ኖሮት እንዳይገኝ ዛሬ ማረም የምንችለው እኛ ነን።

እርማቱ ሩቅ አይደለም፤ ሰዋስዋችን አዘጋጅቶልናል። አማርኛ አድራጊውንና መሣሪያውን በቅርጽ ይለያል። ጸሐፊ ሰው ነው፤ መጻፊያ ብዕር ነው። ቆራጭ ሰው ነው፤ መቁረጫ መጋዝ ነው። እንደዚሁ ሁሉ አመንጪ ሰው፣ ማመንጫ መሣሪያ ይሁን። «የምስል ማመንጫ»፣ «የጽሑፍ ማመንጫ» ስንል ከኃይል ማመንጫው ጋር ተሰልፎ ይቆማል፤ ሕጉም ስያሜውን እንደያዘ ይኖራል። ቅጽል በሚያስፈልግበት ቦታ «የማመንጨት ችሎታ ያለው» ማለት ይረዝማል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። ይርዘም። ከአጭርና አሻሚ ቃል ረጅምና ግልጽ ሐረግ እመርጣለሁ።

ከዚህ ጋር የሚታይ አንድ ሌላ ቃል አለ፤ እርሱም «ንድፍ» ነው። ነዳፊ በደጋን ጥጡን ይነድፋል፤ ከመፈተሉ በፊት ያፍታታዋል፣ ያዘጋጀዋል። ንብም ይነድፋል፤ እሱን ለሌላ ጊዜ እንተወው። ሥራ ከመሠራቱ በፊት የሚደረገው ማሰብና መደልደል ንድፍ መባሉ ከጥጡ ጋር የሚስማማ ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት ሁሉ «የንድፍ መተግበሪያ» እየተባሉ ሲጠሩ ግን ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ተደባልቀዋል። አንዱ ዓይነት ፊደሉን፣ ሥዕሉንና ቀለሙን ለየብቻ ይዞ እንድንደለድል ይፈቅድልናል፤ ካንቫና ማይክሮሶፍት ዲዛይነር በመሠረታቸው እንዲህ ናቸው። ሌላው ዓይነት አንድ ወጥ ምስል ብቻ ይሰጠናል፤ ከውስጡ አንዲት ሆሄ እንኳ ለይተን ማረም አንችልም። የመጀመሪያውን «የንድፍ መተግበሪያ»፣ ሁለተኛውን «የምስል ማመንጫ» ብለን ብንለያቸው ኖሮ የእኅቴ ልጅ የሙሽሮቹን ስም በሁለተኛው ባላስጻፈ ነበር። አንዳንዱ መተግበሪያ ሁለቱንም በሆዱ ስለሚይዝ መለያየቱ በክፍሎቹ ላይ እንጂ በስሙ ላይ አይታይም፤ መግለጫ ጸሐፊው ይህን መናገር ይገባዋል።

ስለ ፊደሉ ጥቂት ልበል፤ ለእኛ ትልቁ ጉዳይ ይህ ነውና። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ሦስተኛ ዕትም ውስጥ ገብቶ ለእያንዳንዱ ሆሄ ቁጥር ተሰጥቶታል። በንድፍ መተግበሪያ ውስጥ «ሳ» ስንጽፍ መሣሪያው ቁጥሩን ይይዛል፤ አቢሲኒካ፣ ኒያላ ወይም ኖቶ የተባለው የፊደል ቅርጽ ደግሞ ቁጥሩን ወደ መልክ ይለውጠዋል። ስሕተት የሚገባበት ቀዳዳ የለም ማለት ይቻላል። የምስል ማመንጫ ግን ፊደል አያውቅም። አብዛኛውን ጊዜ ከተበተነ ነጠብጣብ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እያጠራ ምስል ያወጣል፤ ሆሄውንም እንደ ቅጠል፣ እንደ ጠጉር፣ እንደ ደመና ይሥለዋል። ላቲን ፊደል በተማረባቸው ሥዕሎች ላይ ስለበዛለት እየለመደው መጥቷል። በላዮን ክምችት ውስጥ ካሉት 5.85 ቢሊዮን የሥዕልና የመግለጫ ጥንዶች መካከል 2.32 ቢሊዮኑ የእንግሊዝኛ ሲሆኑ ከመቶ የሚበልጡ ሌሎች ቋንቋዎች በአንድነት የተካፈሉት ከዚያ የሚያንሰውን ነው። ከነዚያ መካከል የአማርኛ ድርሻ ምን ያህል ጠባብ ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ይገምት።

በፊደላችን የቅርጽ ስሕተት የትርጉም ስሕተት መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። «ሰም»፣ «ሳም»፣ «ስም»፤ ሰሙን ከመሳሙ የሚለየው የአንድ እግር መርዘምና ማጠር ነው። ለሥዓሊ መሣሪያ ይህ ልዩነት ከጥላ አይበልጥም። እኔ ራሴ ከልጁ ጋር ተቀምጬ «እንኳን ደስ ያላችሁ» የሚለውን በሦስት ማመንጫዎች ባስጽፍ ሁለቱ የማይነበብ ነገር ሰጡኝ፤ ሦስተኛው ከሁለቱ ቢሻልም አንዱን ሆሄ በሌላ ለወጠው፣ አንዱንም ደገመው። ኦፕን ኤ.አይ. በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. አዲሱን የምስል ማመንጫውን ሲያቀርብ ከላቲን ውጭ ያሉ ፊደሎችን አጻጻፍ ከመሣሪያው ድክመቶች መካከል ራሱ ቈጥሮታል፤ ሠሪው የመሰከረውን መግለጫ ጸሐፊ ሊደብቀው አይገባም። መሣሪያው ነገ ሊሻሻል ይችላል፤ ዛሬ ግን ካርድ ለሚያሳትም ሰው አስተማማኙ መንገድ ማመንጫውን ያለ ፊደል አበባውንና ጌጡን ብቻ አሥሎ ስሙን በንድፍ መተግበሪያ ውስጥ በእውነተኛ ፊደል መጻፍ ነው። የእኅቴ ልጅ አሁን የሚሠራው እንዲህ ነው።

በመጨረሻ አንድ ያልተቋጨ ጉዳይ ለባልደረቦቼ አቀርባለሁ። ለማመንጫው የምንጽፍለትን ቃል ምን እንበለው? «ጥያቄ» እንዳይባል መልስ የሚሰጥ ይመስላል፤ «ቀስቃሽ» የሚለውን የሚጽፉ አሉ፤ ለእኔ ግን የነጋሪት ድምፅ ይሰማኛል። «ትእዛዝ» ጥሩ ነበር፤ ታዛዡ ግን አይታዘዝም፤ ጀበና ሲባል የእንግሊዝ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይሥላል። እኔ የሐኪሙንና የግምጃ ቤቱን ወረቀት አስቤ «ማዘዣ» ወደሚለው አዘነብላለሁ፤ የተጻፈ መሆኑንና በተጻፈው ልክ ብቻ እንደሚሰጥ ያመለክታልና። የእኅቴ ልጅ አሳቤን ሰምቶ ሣቀ። እርሱና ጓደኞቹ ስም ካወጡለት ቆይተዋል፤ «ልመና» ነው የሚሉት።